አፒሳይ ፍግ ሊነጥቅ የሄደ ዕለት

[የደሴቲቱ ዝናባማ ምሥራቅ፣ ታይሌቩ፤ የሴሩ የላም በረት ደጃፍ። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ገና ከቆርቆሮው ጠርዝ ይንጠባጠባል። አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ሞተሯ እየተንተከተከ በሩ ላይ ቆማለች። አፒሳይ መሪውን ጨብጦ አንገቱን በመስኮት አውጥቷል። ሴሩ እጆቹን ዘርግቶ ከመኪናዋ ኋላ ተገትሯል።]

አፒሳይ፦ ዞር በል፣ በጓሮ በኩል ላስገባት ነው!

ሴሩ፦ ጓሮ ምን ያደርግልሃል? መኪና የሚቆመው ከፊት ነው። እንግዳም የሚገባው በፊት ነው።

አፒሳይ፦ እኔ እንግዳ ነኝ? እኔ ታውቩህ ነኝ! የአያትህ አምላክ የአያቴም አምላክ ነበር። በፈለግኩት በኩል እገባለሁ።

ሴሩ፦ አምላካችን አንድ ቢሆን ጓሯችን አንድ አይደለም። ጭቃ ነው፣ ትሰምጣለህ።

አፒሳይ፦ ከሲንጋቶካ እስከዚህ ግማሽ ደሴት ያቋረጥኩ ሰውዬ ያንተን ጓሮ ጭቃ ልፈራ?

ሴሩ፦ ጎማህ ያልቃል።

አፒሳይ፦ ጎማዬ ድሮ ነው ያለቀው።

ሴሩ፦ ከፊት ጥላ አለ።

አፒሳይ፦ ፀሐይ የታለችና ነው ጥላ የምትመርጥልኝ? አንተ ጎደሬ ራስ!

ሴሩ፦ አንተ ሸርጣን እግር!

ስድቡ ማንንም አያስከፋም። የሁለቱ መንደር ሰዎች ታውቩ ናቸው። በጥንት ጊዜ አንድ አምላክ ካመለኩ አባቶች የተወለዱ ስለሆኑ እንደ ልባቸው ይሰዳደባሉ። ነገሩ በስድብ ቢያበቃ ደግ ነበር። ታውቩ ከታውቩው ቤት ዓይኑ ያረፈበትን ነገር ሳያስፈቅድ አንስቶ ይሄዳል። የተወሰደበት ሰው ቢቆጣ የመንደሩ መሳቂያ የሚሆነው ራሱ ነው። አንድ ሕግ ግን አለ፤ በተራ ነው። የወሰደው ሰው "ወስጃለሁ" ይላል፣ የተወሰደበት መዳፉን አጎድጉዶ ያጨበጭባል፣ ከዚያ ወዲያ ተራው ይዞራል። ባለፈው ገና ሴሩ ሲንጋቶካ ድረስ ሄዶ አፒሳይ እንደ ልጅ የቀለበውን የሰባ አሳማ ለራሱ እህት ሠርግ እየነዳ መጥቷል። አፒሳይም ጥርሱን ነክሶ አጨብጭቧል። አሁን ተራው የአፒሳይ ነው።

አፒሳይ የመጣበትን ጉዳይ አሳምሮ ያውቃል። ከሴሩ በረት ኋላ የተቆለለውን ፍግ ይፈልጋል።

በአፒሳይ መንደር ቦዬ፣ ያ ከመሬት የሚቆፈረው ወፍራም የሥር ምግብ፣ ሲደርስ የመጀመሪያው ለአለቃውና ለቤተ ክርስቲያን ይቀርባል። ሰው ሁሉ ዙሪያውን ተቀምጦ የማን ምን እንደሚያህል ያያል። አምና የአፒሳይ ቦዬ እንደ አይጥ ጭራ ቀጥኖ ወጣ። የአለቃው ቃል አቀባይ አንዱን አነሳ፣ አገላበጠና "አፒሳይ፣ ሕፃናቱን ምነው ከእንቅልፋቸው ቀሰቀስክብን?" አለው። የዚያን ቀን ሳቅ እስካሁን አፒሳይ ጆሮ ውስጥ አለ። ዘንድሮም እንዲያው ከሆነ ስለ እርሻ አፉን መክፈት የለም። ለአፒሳይ ደግሞ አፍ አለመክፈት ከሞት አይሻልም።

አፈሩ ደክሟል፤ መድኃኒቱ ፍግ ነው። ነገር ግን ሴሩ የፍጉን ዋጋ ካወቀ በተራው መጥቶ የዚያኑ ያህል ይወስዳል፣ ምናልባትም ቦዬውን ራሱን። ስለዚህ አፒሳይ መንገዱን ሙሉ ራሱን ሲመክር መጣ፤ "ስለ ፍግ ትንፍሽ እንዳትል።" ምክሩ ለሌላ ሰው ቀላል ነው። አፒሳይ ግን የሚያውቀውን ነገር ሳያስረዳ መቅረት አይችልም።

[መኪናዋ በጓሮ ገብታ ቆማለች። እዚያ ሁለት ነገር አለ፤ እስከ ሰው ደረት የሚደርስ ጥቁር የፍግ ክምር፣ ከክምሩ ጎን ደግሞ የዳቦ ዛፍ በሚባለው ፍሬያማ ዛፍ ሥር የታሰረች ጥቁር ላም። የአፒሳይ ዓይን ክምሩ ላይ ተተከለ፤ ቶሎ ብሎ ወደ ሰማይ አዞረው። ሴሩ ሮጦ ላሟ ፊት ቆመ።]

ሴሩ፦ ገመዱ ለምንድን ነው?

አፒሳይ፦ የቱ ገመድ?

ሴሩ፦ መኪናህ ላይ ያለው። ወፍራሙ።

አፒሳይ፦ ለሸራው ነው። ዕቃ ሲጫን ሸራ ይለብሳል፣ ሸራው በገመድ ይታሰራል።

ሴሩ፦ የሚጫን ነገር አለ ማለት ነው።

አፒሳይ፦ አለ ወጣኝ? ቢኖር ነው ያልኩት።

ሴሩ፦ [ለራሱ] ሳታመካኝ ብላኝ አለች። አሳማው ሰብቶ ነበር። የሰባ አሳማ ምላሹ...

አፒሳይ፦ ምን ታነበንባለህ?

ሴሩ፦ እየጸለይኩ ነው። ና፣ ቤት እንግባና ያንጎና እንጠጣ። ሚስቴ ሥሩን ወቅጣ በጥብጣ ጨርሳለች።

አፒሳይ፦ እንደርስበታለን። እኔ እኮ እንዲያው ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ልጆች ደህና ናቸው?

ሴሩ፦ ደህና ናቸው።

አፒሳይ፦ ሚስትህስ?

ሴሩ፦ ደህና ናት።

አፒሳይ፦ ላሞችስ?

ሴሩ፦ [ደንግጦ] የምን ላሞች?

አፒሳይ፦ የወተት ላሞችህ ናቸዋ! ወተት ሻጭ አይደለህ?

ሴሩ፦ ታመዋል።

አፒሳይ፦ ሁሉም?

ሴሩ፦ ሁሉም። ጥቁሮቹ ደግሞ ይብስባቸዋል።

አፒሳይ፦ ምን ነካቸው?

ሴሩ፦ ወተት የላቸው፣ ጥርስ የላቸው፣ እግር የላቸው...

አፒሳይ፦ እግር የላቸውም?

ሴሩ፦ አላቸው፣ ግን አይሄዱበትም። በተለይ ሩቅ አገር አይሄዱም። ኧረ ለምን ስለ ላም እናወራለን? ሌላ ወሬ ጠፋ? ይኸው ለምሳሌ ክምሩ አለ። ስለ ክምሩ እናውራ!

[አፒሳይ ደነገጠ። ነቅቶብኛል አለ በሆዱ።]

አፒሳይ፦ የቱ ክምር?

ሴሩ፦ አፍንጫህ ሥር ያለው።

አፒሳይ፦ አሃ! ይሄን አላየሁትም ነበር። ምንድን ነው እሱ?

ሴሩ፦ ፍግ ነዋ!

አፒሳይ፦ [አፍንጫውን ይዞ] ኤጭ! ተወው፣ ተወው። ስለ ላሞቹ እናውራ። እግራቸውን ምን ነካው?

ሴሩ፦ ላሞቹን ተዋቸው! ይሄ ፍግ ለምን ይሆናል?

አፒሳይ፦ ለምንም አይሆንም።

ሴሩ፦ እኛ እዚህ ታይሌቩ ከጥንትም እናከማቸው ነበር እኮ። ለምን ነበር?

[አፒሳይ መልስ ላለመስጠት ከንፈሩን ነከሰ። ጥያቄ ብቻ ቢሆን ያልፈው ነበር። ሴሩ ያለው ግን ስህተት ነው። ስህተት ሰምቶ ዝም ማለት ለአፒሳይ እሾህ ረግጦ እንደ መቆም ነው።]

አፒሳይ፦ አላከማቻችሁም! ከጥንትም አላከማቻችሁም! እዚህ ላይ ነው የተሳሳትከው። ቁጭ በል።

ሴሩ፦ ቆሜ ልስማ። [የላሟን ገመድ ከኋላው ጨብጧል።]

አፒሳይ፦ [እንጨት አንስቶ ጭቃው ላይ ክብ እየሳለ] ይሄ ደሴታችን ነው።

ሴሩ፦ የኔ ጓሮ ነው።

አፒሳይ፦ ደሴታችን ነው ብለህ አስብ! በዚህ በኩል፣ ፀሐይ በምትወጣበት፣ እናንተ አላችሁ። ዝናባችሁ አያባራም። በዚያ በኩል፣ ፀሐይ በምትጠልቅበት፣ እኛ አለን። ደረቅ አገር ነው። ይሄ ድንጋይ ሲንጋቶካ ይሁን። [ድንጋይ ያነሳል።]

ሴሩ፦ [ፊቱ በርቶ] ድንጋዩን ወሰድከው?

አፒሳይ፦ እ?

ሴሩ፦ ድንጋዬን አነሳህ! ወስጃለሁ በል፣ ላጨብጭብልህ! ጥሩ ድንጋይ ነው፣ አያቴ የተቀመጠበት ነው!

አፒሳይ፦ [ድንጋዩን እንደ ፍም ጥሎ] አልወሰድኩም! ላስረዳህ ተዋስኩት እንጂ! የሰባ አሳማ ወስደህ በድንጋይ ልትሸኘኝ?

ሴሩ፦ [አንገቱን ደፍቶ] ጥሩ ድንጋይ ነበር።

አፒሳይ፦ ስማኝ። ከድሮው እንጀምር። በአያቴ ጊዜ በሲንጋቶካ ሸለቋችን ውስጥ የእርሻ በሬ ያልነበረው ሰው አልነበረም። ለሸንኮራ እርሻ የመጡትን ህንድ ጎረቤቶቻችንን አይተን ነው በበሬ ማረስ የለመድነው። ታዲያ አያቴ በሬውን በረት ውስጥ አያሳድረውም። ምን ያደርገዋል መሰለህ?

ሴሩ፦ ይሸጠዋል።

አፒሳይ፦ አይሸጠውም! ያረፈው ማሳ ላይ ችካል ይተክልና ያስረዋል። በሬው ገመዱ እስከ ደረሰበት ይግጣል፣ በጋጠበት ላይ እበቱን ይጥላል። ሣሩ ሲያልቅ አያቴ ችካሉን ነቅሎ ወደፊት ይተክለዋል። በሬው እንደገና ይግጣል፣ እንደገና ይጥላል። የመትከያው ወቅት ሲደርስ ማሳው ከዳር እስከ ዳር ጠግቧል። አካፋ ያነሳ ሰው የለም፤ ተሸክሞ ጀርባውን ያመመውም የለም። ፍጉ በራሱ እግር ይሄዳል! ገባህ? በራሱ እግር! የዚያን ጊዜው ቦዬ ሁለት ሰው ነበር የሚሸከመው። በዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ የለም!

ሴሩ፦ [ላብ እያጠመቀው] ስለ በሬ ይበቃናል።

አፒሳይ፦ ላምም ቢሆን ያው ነው።

ሴሩ፦ ላም ያው አይደለም! ላም ሌላ ናት! ወደ ክምሩ ተመለስ፣ ክምሩን አስረዳኝ!

[አፒሳይ እንደገና ደነገጠ። ከክምሩ ባራቀው ቁጥር ይህ ሰው ወደ ክምሩ እየጎተተ ይመልሰዋል። ወሬውን ዙሪያ ጥምጥም ሊወስድ ቆረጠ። ክንዱንም በአጠገቡ ባገኘው ነገር ላይ አሳርፎ ተደገፈ። የተደገፈው የላሟ ጀርባ ላይ ነበር።]

ሴሩ፦ እባክህ እዚያ ላይ አትደገፍ።

አፒሳይ፦ አታቋርጠኝ። ወደ ባ አገር እንሂድ። በባ በኩል የህንድ ሴቶች እበቱን ከአፈር ለውሰው የቤታቸውን ወለል ይለቀልቁበት ነበር። ወለሉ ይጠነክራል፣ አቧራ አይነሳም። ስለዚህ ለማሳው የሚተርፈው ጥቂት ነበር።

ሴሩ፦ እና ቦዬው ወለሉ ላይ ይበቅል ነበር?

አፒሳይ፦ [ላሟን በመዳፉ ጠፍ እያደረገ] ቦዬ ወለል ላይ አይበቅልም፣ አንተ ቅል! ወለል ነው የምልህ!

ሴሩ፦ እሺ፣ እሺ፣ አትምታት... አትምታ፣ ገብቶኛል።

አፒሳይ፦ አሁን ባሕሩን ተሻግረን ታቬኡኒ እንግባ። እነሱ ደግሞ እንዴት ያሉ ሰዎች መሰሉህ! ደሴታቸው እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፣ አፈራቸው ቅቤ ነው። "ፍግ? ለኛ? ለዝሆን ጥርስ እንደ መስጠት ነው" አሉ።

ሴሩ፦ ታቬኡኒ ዝሆን አለ?

አፒሳይ፦ የለም። አባባል ነው። ጎደሬ ነቅለው ጎደሬ ተከሉ፣ እሱን ነቅለው ደግሞ ጎደሬ ተከሉ። አፈሩ ሲሰጥ ሲሰጥ አንድ ቀን ደከመው። ቅቤም ያልቃል እኮ! ዛሬ ከኛው ምክር ይጠይቃሉ። ከዚያ ወደ ሸለቆው እንመለስ። ትራክተር መጣ። ሰው ሁሉ በሬውን ሸጠ። ትራክተር ደግሞ ምን ይጥላል?

ሴሩ፦ ዘይት።

አፒሳይ፦ ዘይት! ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል መለስክ! ትራክተር ዘይት እንጂ እበት አይጥልም። ስለዚህ የፋብሪካ ማዳበሪያ በጆንያ መግዛት ጀመርን። እሱ ተወደደ። አሁን ደግሞ ዶሮ አርቢዎች በር ላይ ለኩስ እንሰለፋለን። ከበሬ ወደ ትራክተር፣ ከትራክተር ወደ ጆንያ፣ ከጆንያ ወደ ዶሮ! በአንድ ሰው ዕድሜ ይህን ያህል ወርደናል!

ሴሩ፦ እኛስ?

አፒሳይ፦ እናንተማ! [ሳቀ] እናንተ ዘንድ የወተት ላም ገባ። ከዚያ ወዲህ ላም ሞልቷችኋል። ታዲያ በረቱን ጠዋት ማታ በውሃ ታጥቡና ወዴት ትለቁታላችሁ?

ሴሩ፦ ወደ ወንዙ።

አፒሳይ፦ ወደ ወንዙ! የማሳ ምግብ ለዓሣ! የተረፈውንም ዝናባችሁ ጠርጎ ይወስደዋል። ለዚህ ነው ከጥንትም አላከማቻችሁም ያልኩህ። እኛ እውቀቱ አለን፣ ላም የለንም። እናንተ ላም አላችሁ...

ሴሩ፦ እውቀት የለንም።

አፒሳይ፦ አንተ አልክ።

ሴሩ፦ ታዲያ የኔ ክምር ለምን ተከመረ?

አፒሳይ፦ እሱን ነው የማልረዳው!

ሴሩ፦ የማጠቢያው ቱቦ ቢቀደድ ነው። አባቴ በአካፋ ወደዚህ እየገፋ ጣለው። እሱ ከሞተ በኋላ እኔም እየገፋሁ ጣልኩት። ከላይ የቆርቆሮው ጥላ አለው፣ ዝናብ አያገኘውም።

[ዝናብ አያገኘውም! አፒሳይ ወደ ክምሩ ሄደ፤ እግሩ ራሱ ወሰደው። እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ ጥቁሩን ፍግ አወጣ፣ አሸተተ፣ ዓይኑን ጨፈነ።]

አፒሳይ፦ ሴሩ፣ ና። ና ተመልከት። ከላይ ያለው እበት ገና ትኩስ ነው። ይህን ለተክል ብትሰጠው ሥሩን ያቃጥለዋል። መሃሉ ይኸው፣ ገለባው ገና ይታያል፣ እየበሰለ ነው። ከታች ግን... ይህን አሽት! እበት እበት ይላል?

ሴሩ፦ [አሽትቶ] ዝናብ የነካው መሬት ይላል።

አፒሳይ፦ ያ ነው! ትሉን አየኸው? ቀዩን፣ ወፍራሙን? ትል የሚገባው ያለቀለት ፍግ ውስጥ ነው። በእጅህ ጨብጠው። ይያያዛል፣ ስትለቀው ይበተናል። አይለጥፍም፣ አያቆሽሽም! ይህን ከቦዬ ጉብታ ሥር ብታደርገው ቦዬው... ቦዬው...

[አፒሳይ የተናገረው ሁሉ አሁን ተሰማው። ግማሽ ደሴት ሙሉ የመከረው ምክር ጭቃው ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል።]

ሴሩ፦ ቦዬው ምን ይሆናል?

አፒሳይ፦ ይ... ይሞታል።

ሴሩ፦ ይሞታል?

አፒሳይ፦ በዚህኛው ይሞታል። ስለሌላ ፍግ ነበር የማወራህ። የታይሌቩ ላም የምትግጠው ሣር ውሃ ብቻ ነው። የውሃ ሣር፣ የውሃ ፍግ። የሞተ ነገር ነው ይሄ።

ሴሩ፦ ትሉስ?

አፒሳይ፦ ትሉ... ለቀብር የመጣ ነው።

ሴሩ፦ የሞተ ከሆነ ምን ላድርገው?

አፒሳይ፦ [እየተጠነቀቀ] እኔ እንጃ። አንድ ሰው ካልወሰደልህ በቀር...

ሴሩ፦ [ዘሎ] አንተ ውሰደው!

አፒሳይ፦ እኔ?

ሴሩ፦ አንተ! መኪና አለህ፣ ገመድ አለህ፣ ሸራ አለህ! ሁሉንም ውሰደው፣ እስከ ሥሩ ውሰደው!

አፒሳይ፦ የሰባ አሳማ ሰጥቼ እበት ጭኜ ልመለስ? ሰው ምን ይለኛል?

ሴሩ፦ ታውቩዬ፣ በአያቶቻችን አምላክ! ለምኜሃለሁ!

አፒሳይ፦ ይከረፋል።

ሴሩ፦ አሁን ዝናብ የነካው መሬት ይላል አላልክም?

አፒሳይ፦ ያልከው አንተ ነህ። እሺ፣ አታልቅስ። ላንተ ስል ነው። እምቢ ማለት አልችልም፣ ሆዴ ይራራል። መንሽ አለህ?

[ሴሩ መንሽና አካፋ ይዞ እየሮጠ መጣ። ሁለቱም ሱሉ የሚሉትን ሽርጣቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ይዝቁ ጀመር። አፒሳይ ሴሩን በጎን ያየዋል፤ በሠርጉ ቀን እንኳ እንዲህ ተግቶ የሠራ አይመስለውም። የገዛ ሀብቱን በገዛ እጁ እየጫነለት ነው። አፒሳይ ሳቁ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነክሶ ዛቀ። ሁለቱም ላብ በላብ ሆኑ፤ ክምሩ ተገፎ መሬቱ ታየ። ሸራው ለብሶ በገመዱ ታሰረ።]

ሴሩ፦ [ገመዱን እየነካ] ለካ ገመዱ የእውነት ለሸራው ነው!

አፒሳይ፦ ለሸራው ነው አላልኩህም?

ሴሩ፦ እንግዲህ ቃሉን በል።

አፒሳይ፦ ወስጃለሁ!

[ሴሩ መዳፉን አጎድጉዶ አጨበጨበ። ከዳቦው ዛፍ ላይ ወፎች እስኪነሱ ድረስ አጨበጨበ። አፒሳይ መኪናው ውስጥ ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ ቁልፉን አዞረ። ጠቢብ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይሄድ ነበር። እሱ ግን ሞተሩን አጠፋና አንገቱን በመስኮት አወጣ።]

አፒሳይ፦ ሴሩ፣ ላስረዳህ።

ሴሩ፦ አስረዳኝ።

አፒሳይ፦ ተበላህ! የመጣሁት ለዚሁ ፍግ ነው። የውሃ ሣር ያልኩህ ውሸት ነው። እንዲህ ያለ ፍግ ከባ እስከ ታቬኡኒ ብትዞር አታገኝም። ቦዬዬ ዘንድሮ እንደ አሳማ ጭን ይወፍራል፣ አለቃው ከመቀመጫው ይነሳል። አንተ ደግሞ ለምነህ ሰጠኸኝ! ጭነህ ሰጠኸኝ! እያለቀስክ ሰጠኸኝ!

[ሴሩ ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ ይስቃል። እንባው ይወርዳል።]

አፒሳይ፦ አልገባህም እንዴ? የተበላ ሰው አይስቅም። እንደገና ላስረዳህ?

ሴሩ፦ እኔ እኮ... ማራማን ልትወስድ የመጣህ መስሎኝ!

አፒሳይ፦ ማራማ ማን ናት?

ሴሩ፦ ላሟ! ስትደገፋት የዋልካት!

[አፒሳይ ዞር ብሎ አየ። ከዳቦው ዛፍ ሥር ላም አለች። ጥቁር፣ ሰፊ፣ ጡቷ ከብዶ የተንጠለጠለ ላም። እያመነዠከች ታየዋለች።]

አፒሳይ፦ ላም... መውሰድ እችል ነበር?

ሴሩ፦ ያሰኘህን ሁሉ! ለሰባ አሳማ ምላሹ ላም ብትሆን ማን ይከለክልሃል? መኪናህን ከሩቅ ያየሁ ጊዜ ሚስቴን "ተሰናበቻት" ብያት ነበር። ልጆቹ አንገቷን አቅፈው ተላቅሰዋል። ላሳይህ ያልፈለግኩት እሷን ነው፣ ፍጉንማ ምን ላድርገው!

አፒሳይ፦ [በቀስታ] ላሟን ብወስድ ኖሮ...

ሴሩ፦ ችካል ትተክልላታለህ። ትግጣለች፣ ትጥላለች። ችካሉን ወደፊት ታዛውረዋለህ። ደግሞ ትግጣለች፣ ደግሞ ትጥላለች። ዘንድሮ ብቻ አይደለም፣ በየዓመቱ። ወተቱ ምርቃት ነው። እኔ ከየት አውቄ? ራስህ ነህ የነገርከኝ። ፍጉ በራሱ እግር ይሄዳል፣ ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ የለም ስትል ነፍሴ ልትወጣ ነበር!

አፒሳይ፦ [የመኪናውን በር እየከፈተ] ቆይ። አልጨረስኩም።

ሴሩ፦ ወስጃለሁ ብለሃል።

አፒሳይ፦ በደንብ አላጨበጨብክም!

ሴሩ፦ ወፎቹን ጠይቃቸው። ተራው ዞሯል።

[አፒሳይ ተመልሶ ተቀመጠ። ቀስ በቀስ ፊቱ ፈካ።]

አፒሳይ፦ ይሁን። ቢሆንም ቦዬዬ መወፈሩ አይቀርም። ይህ ፍግ እውነተኛ ፍግ ነው። የመጀመሪያው ቦዬ የቀረበ ዕለት ቃል አቀባዩ ያነሳዋል፣ ክንዱ ይንቀጠቀጣል። ሰው ሁሉ "አፒሳይ፣ ምን አድርገህ ነው?" ይላል። ያን ጊዜ እነሳለሁ። ከአያቴ ችካል ጀምሬ፣ በባ አልፌ፣ ታቬኡኒ ተሻግሬ፣ ታይሌቩ ድረስ አንድ በአንድ አስረዳቸዋለሁ። ላሟን አይቻት አመዛዝኜ እንደ ተውኳት እነግራቸዋለሁ። ለዚያች ቀን ስል ላምህ ትቅርብኝ!

ሴሩ፦ [ከጭቃው ተነስቶ ሱሉን እያራገፈ] እንግዲያው ተራዬን አሁኑኑ ልጠቀምበት።

አፒሳይ፦ አሁን? ምን ትወስዳለህ? ቦዬው ገና አልተተከለ።

ሴሩ፦ ቦዬህን አልነካም፤ ለአለቃህ ያምርልህ። ማስረዳቱን ነው የምወስደው።

አፒሳይ፦ ምኑን?

ሴሩ፦ ማስረዳቱን። ሰው "ምን አድርገህ ነው?" ሲልህ "ሴሩን ጠይቁት፣ እሱ ወስዶታል" ትላቸዋለህ። እኔ ማራማን አልቤ፣ ያማረ ሱሌን ለብሼ እመጣለሁ። ከአያትህ ችካል እጀምራለሁ።

አፒሳይ፦ ሴሩ! ቦዬውን ውሰደው! ገና ሳልተክለው ሰጥቼሃለሁ! መኪናዋን ውሰድ! ይኸው ቁልፉ!

ሴሩ፦ ማስረዳቱን ወስጃለሁ።

[የአፒሳይ ሁለት እጆች መሪው ላይ ተጣብቀው ቀሩ።]

ሴሩ፦ አጨብጭብ እንጂ፣ ታውቩዬ! ሕጉን እኔ ላስረዳህ እንዴ?